ግጥም አድርጎ መዝጋት

ማክሰኞ ማክሰኞ ቁልፌን ለተረኛው ሾፌር አስረክቤ
ከቀርሜሎስ እወርዳለሁ፥ ወደቡን፥ ክሬኑን ቀርቤ፤
ከሃይፋ ታችኛው ሰፈር አሥራ አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ
አንድ መኪና አለ፥ መንገድ የማያውቅ፥
ወረቀት የሚጎርስ፥ ጎርሶም የሚያስቀምጥ።

ከላይፕሲግ በመርከብ መጣ አሉ፤
መርከቧ ለብረት ተሸጠች፥ ካፒቴኑም ሞተ፤
እሱ ግን ዘይት ከቀመሰ አላነከሰ፥ አልታከተ።

ኦቲሊያ ትባላለች ባለቤቱ። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ።
ባሏ የሰፈሩን ሠርግ በወርቅ ቀለም፥
የሰፈሩን ሞት በጥቁር ጠርዝ ሲያትም ኖረ፤
የራሱን እሷ ለቀመችለት፥ ፊደል በፊደል፥
አንዲቷ ጎድላ ከጎረቤት ተበድራ።

«መጀመሪያ ግልብጡን ማንበብ» አለችኝ፥ «ዓመት የሚፈጅበት አለ።»
የታሰረ ገጽ አሳየችኝ። እንደ ውሃ ጠጣሁት።
ዐይኗን አጥብባ አየችኝ።
«ሃያ ሁለት ዓመት» አልኳት፥ «ዓለምን በመስታወት ነው ያየሁት፤
የጭነት መኪናው ሁሉ ስሙን ገልብጦ ይከተለኛል፥
ቀጥ ብሎ የሚነበበው አምቡላንስ ብቻ ነው።»

(ዕብራይስጡ ሲገለበጥ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፥
በእኛ መንገድ። ይህን ለራሴ ነው ያልኩት።)

ፊደሉ እርሳስ ነው፤ «እርሳ» የሚል ስም ያለው፥
ግን የነካውን አውራ ጣት ሁሉ ያልረሳ።
ተለቅሞ ሲያልቅ ከብረት ክፈፍ ይገባል፥
በሽብልቅ ይወጠራል፥ በቁልፍ ይጠብቃል።
«አንሣው» አለች። አነሣሁ።
አንዲት ነጥብ ወለሉ ላይ ጠብ።
«አልታሰረም። እንደገና።»
ሦስት ጊዜ ጠብ፥ ሦስት ጊዜ እንደገና፤
በአራተኛው ገጹ እንደ አንድ ድንጋይ ተነሣ።
ይህን በቋንቋዬ ምን እንደምንለው ነገርኳት፦ ግጥም።
ግጥም አለ፥ ከእንግዲህ የሚወድቅ የለም።
ሌላውን ትርጉሙን ዋጥኩት፤
ዕብራይስጤ አልደረሰልኝም፥ ወይ አፍሬ፥ እንጃ።

በእሷ መሳቢያ ሃያ ሁለት ኪስ፥ አምስት ለመድረሻ፤
ለኔ ሁለት መቶ ከምናምን ሌላ ምድር ቤት ያሻ።
የተሰነጠቀ የሽንኩርት መክተፊያ ቆርጬ
የልጄን የሊያትን መጀመሪያ፥ «ሊ»ን፥ ቀረጽኩ።
ሁለት ሳምንት። አንድ ጣት በፕላስተር።
እግሬ ፔዳል ያውቃል፤ ረገጥኩ፥ ወጣ፦
እግሩን ወደ ግራ የዘረጋ፥
ካዕብ ያልሆነ፥ ሣልስ ያልሆነ፥ ከየትኛውም ገበታ የሌለ።
የመስታወቱ ሊቅ! መገልበጡን ረስቼ።
የኦቲሊያ ሳቅ ሳል ሆነባት፥ ውሃ ቀዳሁላት።

ከዚያ «በ»ን ሞከርኩ። «በ» ሰው አያሳፍርም፤
ከፊት አየኸው ከኋላ፥ ሁለት መቃን፥ አንድ ጉበን።
ታተመ። ጥቁር፥ እርጥብ።
«ምን ይላል?»
«ብቻውን ምንም። ከቤት ፊት ስታቆሚው ግን፥ እቤት ውስጥ ማለት ነው።»
«የኛም እንዲሁ» አለች፤ ከመሳቢያዋ የራሷን አውጥታ
አጠገቡ አቆመችው። የሷ ወደ ጎን ተከፍቷል፥ የኔ ወደ ታች።
የኔ በፀጉር ያህል ያጥራል፤
ከሥሩ የአውቶቡስ ትኬት ጎዘጎዝኩለት።

ረቡዕ ጧት አንዲት ተሳፋሪ ጥፍሬን አይታ
«ሞተሩንም አንተ ነህ የምትጠግነው?» አለችኝ።
«አልፎ አልፎ» አልኳት።
የተበላሸውን «ሊ» ግን ለመጣል አልጨከንኩም፤
ከመጨረሻው ወንበር በላይ ለጥፌዋለሁ።
ማንም አያነበው፤ ሰው ሁሉ ስንጥቅ ይመስለዋል።
ቁልቁለቱን ስይዝ በመስታወቴ ቀና እላለሁ፥
እግሩን ወደ ቀኝ ዘርግቶ ተቀምጧል፥
እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ።